ሣር ይሞላ

በምስል ቀን ከቤቱ የሚወጣ ወይ እብድ ነው ወይ ሬሳ፣ ይላሉ የከተማዋ ሰዎች። ከተማዋ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ከሰማይ ፎቶ ትነሣለች። የዚያን ቀን ልብስ አይሰጣም፣ መኪና አይንቀሳቀስም፣ ዶሮ እንኳን ቅርጫት ይደፋባታል። በራሪዎቹ ፎቶ ማንሻዎች በጣሪያ ላይ እያጉረመረሙ አልፈው የማብቂያው ደወል እስኪሰማ ድረስ ሕዝቡ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በመስኮት ብቅ ማለትም ነውር ነው፤ ከመስኮት የወጣ ጭንቅላት ለማጥፋት እንደሚያስቸግር በየጊዜው ይነገራል።

ጭንቅላቱን የምታጠፋው ኤልዳና ናት። በመነሻ ምስል ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንጺ ሆና ትሠራለች። አንጺ ማለት ባለሙያዎች ዲያግራም የሚስሉበትን ምስል የሚያጸዳ ሰው ነው። ዲያግራም በአጭሩ ቀስት ነው፤ ቀዩ ቀስት ሰው የሚሄድበት፣ ሰማያዊው ነፋስ የሚገባበት፣ ቢጫው ፀሐይ እንድትወጣበት የተፈቀደላት አቅጣጫ ነው። ቀስት ደማቅ ነገር ላይ ቢሳል አይታይም። ስለዚህ ከሥሩ ያለችው ከተማ ፈዛዛ፣ ሰው የሌለባት፣ ጥላ የሌለባት፣ እንደ ታጠበ ሰሃን የጸዳች መሆን አለባት። ኤልዳና በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ምስል አሳልፋለች። አንድም ቀን ሥራዋ ተመልሶባት አያውቅም፤ በዚህም ትኮራለች።

ድሮ ምስሉ ነበር አሉ ከተማዋን የሚመስለው። ዛሬ ከተማዋ ናት ምስሉን ለመምሰል የምትደክመው። ጣሪያ ሁሉ ነጭ እንዲሆን ታዘዘ፤ ቀለም ያለው ጣሪያ ቀስት ያደበዝዛልና። ዛፎች ጥላ ስለሚጥሉ ተነሡ፣ በቦታቸውም ዛፍን የሚያመለክት አረንጓዴ ክብ መሬት ላይ ተቀባ። ሰዉ በቀዩ ቀስት ይሄዳል፤ ቀስቱ ጎረቤቱ ወዳለው ዳቦ ቤት በሦስት ሰፈር አዙሮ ቢወስደው ዞሮ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፣ ሕፃናት ከፊደል ጋር ያጠኑታል፦ ምስሉ ላይ የሌለ የለም። ምስሉ ላይ ሳይኖር መሬት ላይ የተገኘ ነገር ካለ ማሽኖች መጥተው ያጣጥሙታል። ማፍረስ የሚባለው ቃል ከቀረ ቆይቷል፤ የሌለ ነገር እንዴት ይፈርሳል?

ኤልዳና ምሳዋን የምትበላው ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ ባለች ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ነው። ከተማዋ እንዲህ ያሉ የኪስ መናፈሻዎች ብዙ አሏት። ሁሉም አራት ማዕዘን ናቸው፣ ሁሉም ያለ ቦታቸው በሰው አጥርና ግድግዳ መካከል የተሸጎጡ ናቸው። ማን እንዳቀዳቸው ግን አይታወቅም። አንድ ባለሙያ «ድንገተኛ አረንጓዴነት» ብሎ ጥናት ጽፎባቸው ተሹሞባቸዋል። በዚህችኛዋ መናፈሻ አባባ ያፌት የሚባሉ ሽማግሌ ጧትም ማታም አይጠፉም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ይቀመጣሉ። ሰው ከመንገዱ በኩል መጥቶ ሣሩን ሲረግጥ ብድግ ብለው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ኤልዳና የምትገባው ግን በጎን ነው፣ ለቢሮዋ ያቀርባታል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ይቆጣሉ።

«ሰው በግድግዳ ይገባል?» ይሏታል።

ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል ብላ ዳቦዋን ትበላለች፣ በመጣችበት ግድግዳ ተመልሳ ትወጣለች።

በከተማዋ አንድ አባባል ደግሞ አለ፦ በምስል ዋዜማ የሞተ ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ኤልዳና ይህን ስትሰማ ትስቃለች። የተማረች ናትና።

*

በዚህ ዓመት በምስል ዋዜማ የሞቱት ጋሼ ኢዮስያስ ናቸው። ለኤልዳና አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም፤ እናቷ በልጅነቷ ስትሞትባት ወስደው ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና ናቸው። የድሮ ሰዎች ስለሆኑ ስማቸውም የድሮ ነው። ቤታቸው ብሳና ታች በሚባለው ሰፈር፣ ሰማያዊ በር ያላት ሁለት ክፍል ናት። ብሳናዋ ራሷ ባለፈው ምስል ጠፍታለች፤ ሰፈሩ በስሟ መጠራቱን ግን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም።

ጧት ሞተው ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። እድሩም ድንኳን ተከለ። ድንኳን የሚተከለው ሟቹ ደጅ ነው፤ ደጁን ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሰማያዊ ቀስት ወስዶታል፣ ለነፋስ። የተረፈው መሬት ለሦስት ሰው መቀመጫ አይበቃም። የእድሩ ወንዶች እንደተለመደው ድንኳኑን በቤቱ ጣሪያ ላይ አሳልፈው፣ ጓሮውንም ደጁንም አንድ ላይ አልብሰው፣ ጫፉን ከጎረቤት ግድግዳ ላይ አሰሩት። ድንኳኑ ነጭ ነው፤ ሌላ ቀለም ያለው ድንኳን ከተከለከለ ቆይቷል።

ማታውን ከወረዳ ስልክ ተደወለ። ነገ የምስል ቀን ስለሆነ ጊዜያዊ ነገር ሁሉ ይነሣ ተባለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም ስልኩን ዘግተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ድንኳን የሚወርደው በሰልስት ነው» አሉ። «ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም፣ ድንኳንም ሁለት ጊዜ አይተከልም። እኔ እያለሁ የኢዮስያስ ድንኳን በነገታው አይገፈፍም።»

«ምስሉስ?» አለ አንዱ። «ጦስ እንዳያመጣብን።»

ያን ጊዜ ኤልዳና ተናገረች። ባትናገር ይሻል ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ውላ ሰው የሚጠቅም ነገር ማድረግ ፈልጋለች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሥራዋን ታውቃለች።

«ይቁም ጋሽ ናሆም፣ ግድ የለም» አለች። «ከምስሉ ላይ እኔ አጠፋዋለሁ።»

ሁሉም ተነፈሰ። የተማረ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው ተባለ። በማግሥቱ ማንሻዎቹ በላያቸው ሲያልፉ ለቀስተኛው በነጩ ጨርቅ ሥር ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥም ነበር። በሰልስቱ ድንኳኑ ወረደ፣ ተጣጥፎም ወደ እድሩ መጋዘን ገባ።

*

ምስሉ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው ቁራሽ ቁራሽ ሆኖ ነው። ኤልዳና የብሳና ታችን ቁራሽ ከሥራ ባልደረባዋ ለምና ወሰደች። ከፈተችው። በጠባቦቹ ጣሪያዎች መካከል አንድ ሰፊ ነጭ አራት ማዕዘን ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ምስሉን የሚያነበው የቢሮው ማሽን እንደ ወትሮው ጽፎለታል፦ ጊዜያዊ ጨርቅ። ይጥፋ። ሣር ይሞላ።

እጇ መንገዱን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሲነካ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ሲነካ ሣር ይሆናል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስንት ጊዜ አይታለች፤ የተሰጣ አንሶላ ነው፣ ሸራ ነው እያለች ታልፈዋለች። አንድ ጊዜ ነካችው። ድንኳኑ ጠፋ።

ከሥሩ ቤቱ ይወጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ሰማያዊው በር አይታይም ይሆናል፣ ጣሪያዋ ግን ትወጣለች ብላ እንደ ሕፃን ጠበቀች። የወጣው ግራጫ ባዶ ነው። ድንኳን ሥር አለው፤ ፎቶ ሥር የለውም። ይህን ከኤልዳና በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን የሚያውቁት ነገር ዘመድ ላይ ሲደርስ አዲስ ይሆናል። የቀድሞውን ምስል አውጥታ እንዳታመሳክር አዲስ ምስል ሲገባ አሮጌው ይደመሰሳል፤ አንዲት ከተማ ሁለት መነሻ ሊኖራት አይገባም።

ሁለተኛ ጊዜ አልነካችውም። ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ አቶ ባሮክ ሄደች። አቶ ባሮክ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋት ካለባቸውም በመመሪያ የታዘዘው ብቻ ነው።

«ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት መጀመሪያ። ከልባቸው ነበር።

«እዚህ ጋ ቤት አለ፣ አቶ ባሮክ። ያደግሁበት ቤት ነው። ከድንኳኑ ሥር ነው ያለው።»

ምስሉን አስፍተው አዩት። አጥብበው አዩት።

«የለም» አሉ።

«ሄደው በዓይንዎ ቢያዩት...»

አቶ ባሮክ በሐዘኔታ ተመለከቷት። ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ከቀረ ቆይቷል። የቀረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሄደው ያዩ ሠራተኞች ይዘው የሚመጡት ወሬ ሁልጊዜ ከምስሉ ጋር ይጋጭ ነበር።

«እሺ ልጨምረው» አለች። «ትንሽ ጣሪያ ናት። በእጄ ብስላት ማንም አያውቅም።»

«ኤልዳና» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማጥፋት ሙያ ነው፣ መጨመር ወንጀል ነው። ዛሬ አንቺ የአጎትሽን ቤት ብትጨምሪ ነገ ሌላዋ የእናቷን ትጨምራለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። በመጨረሻ ከተማዋ ቤት ብቻ ሆና ቀስት የምንስልበት እናጣለን።»

«እትዬ ሶልያና የት ይኑሩ ታዲያ?»

«የሚቀጥለው ምስል እስኪነሣ ይታገሡ። አምስት ዓመት ምን አላት?»

«የት ሆነው?»

አቶ ባሮክ ምስሉን ደግመው አዩት። «እዚህ ላይ ሰው አይታየኝም» አሉ በርኅራኄ።

ኤልዳና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በአሥር ዓመት ሥራዋ ያላደረገችውን አደረገች፤ ያጠፋችውን መለሰች። ድንኳኑ ምስሉ ላይ ተመልሶ ተዘረጋ። «ጊዜያዊ ጨርቅ» የሚለውን ሰርዛ «ቋሚ ጣሪያ» አለችው። ማሽኑ ጠየቃት፦ የምን? ለመኖሪያ ቤት በጣም ሰፊ ነው፤ ብሳና ታች ውስጥ እንዲህ ሰፊ ቤት የሚኖረው ሰው የለም። አዳራሽ፣ ብላ መለሰች። ማሽኑ አመነ። ምንም አልጨመረችም እኮ፤ ሳታጠፋ ነው የቀረችው።

*

ከባዱ ነገር ጋሽ ናሆምን ማስረዳት ነበር።

«ሰው ሳይሞት ድንኳን እንትከል ነው የምትይኝ?»

«ማሽኖቹ ከላይ ነው የሚያዩት ጋሽ ናሆም። ነጭ ጣሪያ ካዩ ያልፋሉ። ካላዩ ቤቱን ያጣጥሙታል።»

«ሟርት ነው ልጄ። ባዶ ድንኳን ሬሳ ይጠራል።»

«አጠፋዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። «ቤታቸውን ከእጃቸው ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

በመጨረሻ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ አንድ ዘዴ ተገኘ። ድንኳኑ ለሁለተኛ ጊዜ አይተከልም፤ የመጀመሪያው አልወረደም ይባላል። ኀዘኑም አላለቀም ይባላል። እድሩ ተሰብስቦ በዚህ ተስማማ፤ ድንኳኑም ከመጋዘን ወጥቶ እንደ ነበረው ተወጠረ። እትዬ ሶልያና ያጠቡትን ጥቁር ልብስ መልሰው ለበሱ፣ ፍራሻቸውም ተመልሶ መሬት ላይ ተነጠፈ።

እስኪያልፍ ያለፋል የተባለው ነገር ግን ባለሙያዎቹ ጋ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። ቀስት የሚስሉት ሰዎች ምስሉ ላይ በጠባብ ሰፈር መካከል ሰፊ ነጭ አዳራሽ ሲያዩ ደስ አላቸው። ማኅበረሰቡ በራሱ ተነሣሽነት የመሰብሰቢያ ማዕከል ፈጥሯል ተባለ። አንድ ቀይ ቀስት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ አዳራሹ ተሳበ። ሌላው ከገበያው መጣ። ሦስተኛው ሁለቱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ተጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ሰው ቀስቱን ተከትሎ ብሳና ታች ይደርስ ጀመር።

የደረሰው ሰው የሚያገኘው ድንኳን ነው። ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው፤ ይህን ነውር የትኛውም አንጺ ገና አላጠፋውም። ስለዚህ ይገባል። ኮፍያውን ያወልቃል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘገንለታል። ትንሽ ዝም ብሎ «ምን ሆነው ነው?» ይላል። እትዬ ሶልያና ይነግሩታል። እሱ ይወጣል፣ ቀስቱ ሌላ ያስገባል። ለንፍሮው ብለው የሚመላለሱ መጡ። ካርታ ተጫዋቾች አንዱን ጥግ ወረሱ። የእድሩ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው ቀቅለው እጃቸው ዛለ፤ የእድሩ ሌላ አባል ሲሞት ድንኳን ከጎረቤት እድር መለመን ግድ ሆነ። በቀስቱ የሚሄደውን ሰው የሚቆጥረው ማሽን ግን አዳራሹ ከከተማዋ አዳራሾች ሁሉ በላይ ሰው የሚጠቀምበት መሆኑን አስታወቀ።

ኤልዳና በየሳምንቱ እሑድ ትመጣለች። አንድ እሑድ እትዬ ሶልያና እጇን ይዘው ወደ ውስጥ፣ ወደ ቤቱ አስገቧት። ሰማያዊውን በር ዘጉ። የካርታ ተጫዋቾቹ ሳቅ በበሩ አልፎ ይሰማል።

«ኢዮስያስን አንድ ጊዜ ነው የቀበርኩት» አሉ። «ይሄ ድንኳን በየጧቱ ይገድልብኛል። ትናንት አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ ምን ሆነው ነው አለኝ፤ ስነግረው ሰዓቱን ያያል። አሁን አሁንማ ሳወራ የሌላ ሰው ባል ሞት የማወራ ይመስለኛል። ለብቻዬ ማልቀስ አማረኝ ልጄ። ለብቻዬ የማለቅስበት ቤት ነበረኝ፤ አዳራሽ አደረግሽብኝ።»

«ድንኳኑ ከወረደ ቤቱ ይሄዳል፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«የሚቀጥለው ምስል እስኪደርስ ነው...»

«ምስሉ ሲደርስ እኔ ልደርስ?»

ኤልዳናም ብትሆን አጎቷን እንደ ልቧ አላለቀሰችም። ቤቱን ለማዳን ስትሯሯጥ ሰውየውን ረስታው ነበር፤ ይህን እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አወቀችውና አፈረች።

*

አዳራሹ ሊመረቅ ነው ተባለ። አቶ ባሮክም በክብር እንግድነት ተጠሩ። ቦታ ድረስ መሄድ ክልክል አይደለም ወይ ለሚል፣ ምረቃ ጉብኝት አይደለም፤ በምረቃ ላይ ማንም ምንም አያይም።

እንግዶቹ በሦስቱ ቀስቶች መጡ። ገብተው ተቀመጡ። አንዱ ባለሙያ የድንኳኑን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ፈተገው፣ «ቀላል ግንባታ፤ ይህ ነው ዘመናዊነት» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። አቶ ባሮክ ረጅም መንገድ ስላደከማቸው ጀርባቸውን ከአንድ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፈው የተዘገነላቸውን ንፍሮ በደስታ በሉ። የተደገፉት ሰማያዊውን በር ነበር። ዞረው አላዩትም፤ ምስሉ ላይ እዚያ ቦታ ምንም እንደሌለ ያውቃሉ።

ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሪባኑን የአካባቢው እናት ይቁረጡልን ተባለና እትዬ ሶልያና መቀስ ተሰጣቸው። ሪባኑ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጥሯል። እትዬ ሶልያና ከሪባኑ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ። ሁሉም የእርጅና ነገር ነው ብሎ ፈገግ አለ። ጎረቤት ግድግዳ ድረስ ሄዱ፤ ዋናው ገመድ የታሰረበት ድረስ። ኤልዳና ገባት። ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

መቀሱ ለሪባን የተገዛ ስለነበር ገመዱን ለመቁረጥ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ግን ተቆረጠ።

ድንኳኑ ከጣሪያው ላይ ተንሸራቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ክቡራን እንግዶች በነጭ ጨርቅ ተሸፈኑ፤ ከላይ ላየ አንጺ ጥቂት እብጠት ያለበት ንጹሕ ምስል ይመስሉ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ በአንድ እየዳኹ ወጡ። አቶ ባሮክ መነጽራቸውን ሲያቃኑ ከፊታቸው ሰማያዊ በር ቆሟል። ከበሩ በላይ ጣሪያ አለ። ጣሪያው ጥላ ጥሏል። ለብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«ቤት ነው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ምስሉ ላይ የለም።»

«እርስዎም የሉበትም» አሉ እትዬ ሶልያና መቀሱን እየመለሱ። «ንፍሮዬን ግን ሲበሉ ነበር።»

አቶ ባሮክ ወደ ባለሙያዎቹ ዞሩ፤ ባለሙያዎቹ ወደ መሬት። የምረቃው ዜና እንደ ደንቡ ጧት ቀድሞ ወጥቷል፤ አዳራሹ በደማቅ ሥነ ሥርዓት መመረቁ፣ እንግዶቹም በግንባታው ጥራት መደነቃቸው ተነግሯል። የተመረቀ አዳራሽ ድንኳን ነበር የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ራሱ ምን ሲመርቅ እንደነበረ መናገር አለበት። አቶ ባሮክ ይህን ሁሉ እዚያው ቆመው አሰቡትና ከኮታቸው ላይ የንፍሮ ቅንጣት አራገፉ።

«አዳራሹ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ምስሉ ላይ አለ፣ ተመርቋልም። ወደዚህ ቦታ ማሽን እንዳይላክ አዛለሁ። የተመረቀ ነገር አይነካም።»

ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በሩን እንደገና ዞረው አዩት፤ ከዚያ ግን ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

የዚያን ቀን ማታ እትዬ ሶልያና በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን አለቀሱ። ጎረቤት ሰምቶ እፎይ አለ። ቀስቱ አሁንም ሰው ያመጣል፤ የመጣው ሰው ድንኳን ሲያጣ በሩ ላይ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ይመለሳል።

*

ኤልዳና አልተቀጣችም። ይልቁንም «ምስጉን አንጺ» ተብላ ተሸለመች፤ በሥራ ዘመኗ አንድም ቁራሽ ያልተመለሰባት ስለ መሆኗ። ሽልማቱን ተቀብላ ለምሳ ወጣች።

መናፈሻዋ ጥግ ደርሳ እግሯን ወደ ሣሩ ልታሳልፍ ስትል ቆመች። ስንት ዓመት ያለፈችበትን ጎን አየችው። ከዚያ አራቱንም ማዕዘን አየች። ስፋቱ በአንዲት ትንሽ ቤትና ጓሮዋ ላይ ተወጥሮ ደጁን የሚያለብስ ድንኳን ያህላል። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሌላዋ መናፈሻም እንዲሁ። ገበያው ጀርባ ያለችውም። በየአምስት ዓመቱ፣ በምስል ዋዜማ፣ በዚህች ትልቅ ከተማ አንድ ሰው ብቻ አይሞትም።

ጊዜያዊ ጨርቅ። ይጥፋ። ሣር ይሞላ። ይህችኛዋን የነካችው እሷ ትሁን ባልደረባዋ አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ያ ምስል ተደምስሷል። ጣቷ ግን አወቀው። ምናልባት ያን ጊዜ ዳቦ እየበላች ይሆናል፣ ምናልባት ከጓደኛዋ ጋር እየሳቀች።

ዞራ በመንገዱ በኩል መጣች። አባባ ያፌት እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። ሣሩን ስትረግጥ ብድግ አሉ።

«ግቢ፣ ግቢ» አሉ። ከዚያ ለይተው አዩዋትና ተገረሙ። «ዛሬ በበሩ መጣሽ?»

ኤልዳና ኮቷን አስተካከለች። ዝቅ ያለ መቃን እንደሚያልፍ ሰው ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ቀረብ አሉ።

«ለባለቤቴ ነው?»

«አዎ።»

«አምስት ዓመቷ ነው» አሉ። «በምስል ዋዜማ ነው ያረፈችው። ለቀስተኛው ሳይጨርስ ነው ቤቱ የሄደው፤ ሰው ሲመጣ ቤቱን እያጣ ተመለሰ። እኔ እንኳ የሚመጣ ካለ ብዬ ነው እዚህ የምቀመጥ።»

«አባባ፣ ይሄን ሣር...» አለች ኤልዳና።

«ሣሩ ምንም አይደል» አሉ አባባ ያፌት። «እሷ በዓል ሲሆን ቤቱን መጎዝጎዝ ትወድ ነበር። ጉዝጓዝ ነው ብዬ ተውኩት።»

ኤልዳና ማልቀስ ጀመረች። ለማን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም፤ ለአጎቷም ነበር፣ ለማታውቃት ሴትዮም ነበር፣ ሰምታ ስለሳቀችበት አባባልም ነበር። ሽማግሌው አልቅሳ እስኪበቃት ጠበቋት፤ ለቀስተኛ እንደሚጠበቅ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «ከበሩ ላይ ግን ፈቀቅ በይ፤ ሌላም ሰው ይመጣ ይሆናል።»

ኤልዳና ፈቀቅ አለች።